ከጎሬ እስከ መቱ፦ ልጅ የት ይደግ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። መቱ ላይ ሥራ አግኝቷል። ደመወዙ ከአሁኑ ይሻላል፤ የቤት ኪራዩ ከአዲስ አበባው ጋር አይወዳደርም፤ ባለቤቱም ጤና ባለሙያ ስለሆነች እዚያ ሥራ አታጣም። የጨነቀው የልጆቹ ነገር ነው። «አንዷ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ትንሹ ገና አፀደ ሕፃናት ነው። ይዣቸው ልግባ ወይስ እነሱን እዚህ ትቼ በየወሩ ልመላለስ? አንተ የዚያን አገር ታሪክ ታነባለህና እስቲ ንገረኝ» አለኝ።

ወዲያው መልስ አልነበረኝም። «ታሪክ ማንበብና ትምህርት ቤት መምረጥ ምን አገናኛቸው?» ብዬ በቀልድ አለፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ኢሉባቦር ውስጥ ቤተሰቦች ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቁት ኖረዋል፤ መልሱም አንድ ጊዜ ጎሬ፣ አንድ ጊዜ መቱ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ከዚህ መውጣት» ሆኗል። ለምን እንደተለዋወጠ ማወቅ ለወዳጄም ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍኩ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

*ጎሬ፦ ዓለም በበቅሎ የሚመጣባት ከተማ*

ዛሬ ወደ ጋምቤላ የሚያልፍ መንገደኛ ጎሬ ላይ ሻይ ጠጥቶ ይነሣል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ጎሬ የምዕራብ ኢትዮጵያ ዋና በር ነበረች።

ከተማዋን ያቆማት የጦር ሰፈርነቷ ነው። ኢሉባቦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ዐፄ ምኒልክ ግዛት ሲጠቃለል አገሩን የያዙት ራስ ተሰማ ናደው ከፍታው ላይ ሰፈሩ። በ1890 ዓ.ም. እስከ ነጭ ዓባይ የዘለቀውን ጦር የመሩት እኚሁ ተሰማ ናቸው፤ በኋላም የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው በ1903 ዓ.ም. አረፉ። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ ሠራዊት የሚሰፍርበትን ጉብታ ያመለክት እንደነበር ለሚያስታውስ፣ ጎሬ የቃሉ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም። ለሰፈረው ወታደርና ለሹሙ ቀለብ ያቀርብ የነበረው ገባሩ የኦሮሞ ገበሬ ነው። የጎሬ ድምቀት በእሱ ትከሻ ላይ የቆመ ነበር፤ ልጆቹ ግን ከድምቀቱ ብዙም አልደረሳቸውም።

ጎሬን ከሌሎቹ የጦር ሰፈሮች የለያት የባሮ ወንዝ ነው። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። ያ ጣቢያ ጋምቤላ ሆነ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይዘልቃሉ፤ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ አራግፈው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። በጋምቤላ ሜዳና በጎሬ ከፍታ መካከል ያለውን ዳገት ደግሞ በቅሎና ሸክም ተሸካሚ ይወጣዋል።

ስለዚህ ጎሬ ላይ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሶርያዊው ነጋዴ ሱቅ ከፈተ። እንግሊዝ ቆንስላ አስቀመጠች። ከጣሊያን ወረራ በፊት ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካገኙት ጥቂት የጠቅላይ ግዛት ከተሞች አንዷም ጎሬ ሆነች። ከአዲስ አበባ የሳምንታት የበቅሎ መንገድ ላይ ያለች፣ ዝናቧ የማያባራ፣ ጭጋጓ የማይገለጥ ከተማ ትምህርት ቤት ያገኘችው ትምህርት ቤት የሚፈልጉ ሰዎች በውስጧ ስለኖሩ ነው። ሹሙ፣ ጸሐፊው፣ ነጋዴው፣ አስተርጓሚው ቤተሰባቸውን ይዘው እዚያው ተቀምጠው ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጎሬ ለአጭር ጊዜ ከዚያም በላይ ሆናለች። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱና አዲስ አበባ ስትያዝ፣ ያልተያዘው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ጎሬ ሆነች። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ አስተዳደሩን ይዘው፣ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው ወርደው፣ ጥቂት ወራት የአገሪቱ ስም በዚያች ጭጋጋማ ኮረብታ ላይ ቆየ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም እዚያው ተገደሉ። ስለ አቡነ ጴጥሮስ ሁላችንም ተምረናል፤ አቡነ ሚካኤልን ግን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን?

*አንድ ከተማ ቤተሰብ የሚያጣው እንዴት ነው?*

ጎሬን ጦርነት አላጠፋትም። ያደከማት ሌላ ነው።

አንደኛው መንገድ ነው። የመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርጎ ሲመጣ የኢሉባቦር ቡና ፊቱን ከካርቱም ወደ መሀል አገር አዞረ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የእንግሊዝ የጋምቤላ ይዞታም አበቃ። በባሮ በኩል የነበረው በር ጠበበ፤ በሩ ላይ የተቀመጠችው ከተማም ፈዘዘች።

ሁለተኛው ቢሮ ነው። ከበደሌ የሚመጣው መንገድ ጎሬ ከመድረሱ በፊት መቱን ያገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መቱ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች፣ የሶርና ገባ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። ቢሮው ሲሄድ ዳኛው፣ የሒሳብ ሹሙ፣ የትምህርት ቢሮ ኃላፊው አብረው ሄዱ፤ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ተከተሉ። 25 ኪሎ ሜትር ሩቅ አይደለም። ግን ጠያቂ ወላጆቹን ያጣ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሆን የጎሬ ሰው ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ መቱን ተመልከቱ። የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሳለች ጋምቤላም ሞቻም በደሌም በእሷ ሥር ነበሩ። አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ሸካውም ጉዳዩን ይዞ መቱ ይመጣ ነበር። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ጋምቤላ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ እነማሻ ወደ ደቡብ ሄዱ። ከዚያም ቡኖ በደሌ ለብቻው ዞን ሆኖ ወጣ። መቱ ዛሬ ያላት ኢሉ አባ ቦር ዞን ብቻ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከተማዋ የምታስተዳድረው አገር ደጋግሞ ተቆርሷል። ጎሬ ላይ የደረሰው ቀስ ብሎ መቱም ላይ ሊደርስ ይችል ነበር።

ያዳናት በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ይመስለኛል። ከመላ አገሪቱ መምህራንና ተማሪዎች መጡ። የመምህራን ኮሌጁና ሆስፒታሉም ሲጨመሩ ከተማዋ ከአስተዳደር ቢሮ ሌላ የምትቆምበት እግር አገኘች። ትልቅ ፋብሪካ ይመጣል ተብሎ የተጠበቀበትን ያዩን ለሚያስታውስ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በሜቴክ የተጀመረው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ቢሊዮኖች ፈስሰውበት ሳያልቅ ቆመ። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ግን ዝግ ብለውም ቢሆን ከተማ ያቆማሉ።

*የመጣ ሰው አገር*

ወዳጄ የጠየቀኝ ሁለተኛ ነገር ነበር፦ «ልጆቼ እዚያ እንግዳ አይሆኑም ወይ?»

ኢሉባቦር ስሙ ራሱ ከኢሉ ኦሮሞዎችና አባ ቦራ ከሚለው የፈረስ ስም እንደመጣ ይነገራል። ባለአገሩ ኦሮሞ ነው። በዚያ ላይ ግን በየዘመኑ ሰው ተጨምሯል፦ ከጦሩ ጋር የመጣው፣ ከንግዱ ጋር የመጣው፣ ቡና ለቀማ መጥቶ የቀረው፣ ሱቅ የከፈተው ጉራጌ፣ ከጎረቤት ከፋና ሸካ የመጣው። ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ሦስቱም በቁጥር ብዙ ናቸው፤ በአንድ ሰፈር እድር ውስጥ ሦስቱን ማግኘት የተለመደ ነው።

ትልቁ የሰው ጎርፍ የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። ያ ረሀብ። ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ፤ ኢሉባቦር ዋና ተቀባይ ከሆኑት አንዱ ነበር። ብዙዎች ወደው አልመጡም። ከደረቅ ደጋ ወርደው ጫካ፣ ወባና የማያውቁት ዝናብ ጠበቃቸው፤ በመንገድና በሰፈራው የሞተው ብዙ ነው። ኢሉባቦር ላይ ስግሰጋ የተባለውም ዓይነት ሰፈራ ተሠርቷል፦ ሰፋሪው ለብቻው መንደር ሳይመሠረትለት በነባሩ ገበሬ ማኅበር መካከል ተሰገሰገ። ነባሩ ገበሬ ጎጆ እንዲሠራ፣ እህል እንዲያዋጣ፣ መሬት እንዲያካፍል ታዘዘ። ማንም አላማከረውም። ቢሆንም አብልቷል፤ አስጠግቷል። ደርግ ሲወድቅ ከሰፋሪው ብዙው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ብዙውም ቀረ። የቀረው ልጆቹ ኦሮምኛ እየተናገሩ አደጉ።

በዚያ ዘመን ከሰፋሪው ጋር አብሮ የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር። ካርልሃይንዝ በም ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ በ1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ ሐረርጌ፣ ኤረር ላይ ጀመረ፤ ቀጥሎ ኢሉባቦር ገባ። ውሃ አወጣ፣ ትምህርት ቤት ሠራ፣ መቱ ላይ «አብዲ ቦሪ» የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ከፈተ፤ የነገ ተስፋ ማለት ነው። የከተማዋ ሆስፒታል እስከ ዛሬ «መቱ ካርል» ይባላል። የሠራው ነገር ሁሉ ያለ እንከን ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እሱ ያደረገውን አስተውሉ፦ በሰፋሪና በነባር መካከል የቆመ አንድ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ልጆች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጣል።

ክፉውንም ሳልናገር አላልፍም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በጎረቤት ቡኖ በደሌ ዞን፣ በደጋና በጮራ ወረዳዎች፣ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። ሟቾቹ ከአንድ ወገን ብቻ አልነበሩም። «እኛ አገር ሁሉ ተቻችሎ ነው የሚኖረው» የሚለው ዘፈን ልጅ ይዞ ለሚሄድ አባት መልስ አይሆንም። አብሮ መኖር ሲሠሩት የሚቆም፣ ሲተዉት የሚፈርስ ነገር ነው። የሚሠራበት ዋናው ቦታ ደግሞ ትምህርት ቤት ነው።

*አግዳሚ ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጧል?*

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የጠቅላይ ግዛት ትምህርት ቤቶች ድሆች ነበሩ፤ ቁጥራቸውም ትንሽ ነበር። አንድ ነገር ግን ነበራቸው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ገጠር እየወጡ እንዲያስተምሩ ተደረገ። የዳኛው ልጅና የገበሬው ልጅ አንድ ክፍል ነበሩ፤ ዳኛው ልጁን ሌላ የሚወስድበት ቦታ አልነበረውም። መምህሩ ሲቀር ዳኛው ይጠይቃል፤ ጥያቄው ለገበሬው ልጅም ይተርፋል።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ። የኢሉ ገበሬ ልጅ ፊደል ሲቆጥር የእናቱን ቋንቋ መስማቱ መብቱ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ መብት ነው። በኦሮሚያ ከተሞች በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። እስከዚህ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ልጆች ስምንት ዓመት ሳይገናኙ ቆይተው ዘጠነኛ ክፍል ላይ፣ ሁለቱም በማይችሉት እንግሊዝኛ፣ ሲገናኙ ነው። የኦሮምኛ ተማሪው አማርኛን፣ የአማርኛ ተማሪው ኦሮምኛን እንደ ቅጣት ከቆጠሩት አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ከተማ አበጀን ማለት ነው።

በዚህ ላይ የውጤቱ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፤ በ2015 3.2፤ በ2016 5.4። ቁጥሩ የመላ አገሪቱ ነው፤ የመቱ ብቻ አይደለም። ይህን የሰማ የተማረ ወላጅ ሁሉ ልጁን አንጠልጥሎ ወደ አዲስ አበባና አዳማ ሮጠ። ያልቻለው እሱ ሥራው ቦታ ይቀራል፤ ሚስትና ልጆች አዲስ አበባ ቤት ይከራያሉ። በየዞን ከተማው ያለው ሐኪም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ስንቱ ነው እንዲህ የሚኖረው? ዓርብ ማታ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዳችሁ ተመልከቱ።

እኔ ይህን «የሻንጣ አባት» እለዋለሁ። አልፈርድበትም፤ ለልጁ ብሎ ነው። ግን ውጤቱን እንይ። ትምህርት ቤቱን ሊጠይቅ የሚችለው ሰው ልጁ እዚያ የለም። የሒሳብ መምህር ለወራት ሲጠፋ የሚጮህ ወላጅ የለም። ቡና ሲደርስ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ፣ የገበሬው ልጅ ለለቀማ ከክፍል ሲቀር የትምህርት ሰሌዳው ከቡናው ጋር ይስማማ ብሎ ስብሰባ ላይ የሚሞግት የለም። ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ፣ ፒኤችዲ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ፣ ትምህርት ቤቷ የፒኤችዲዎቹ ልጆች የሉበትም። ጎሬ ቢሮዋን አጥታ ወላጆቿን አጣች። መቱ ቢሮውም ዩኒቨርሲቲውም እያላት ወላጆቿን እንዳታጣ እፈራለሁ።

*እንግዲህ ምን አልኩት?*

በማግስቱ ለወዳጄ መልሼ ደወልኩ። «ሂድ» ብዬ አልጀመርኩም። ሦስት ነገር አይተህ ና አልኩት።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ሄደህ ሕንፃውን ተወውና መምህራኑን ጠይቅ። ስንት ዓመት ቆዩ? የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህሩ ባለፈው ዓመትም እሱ ነበር ወይ? መምህር የሚቆይበት ትምህርት ቤት ቀለሙ ቢላላጥም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ልጆችህ ኦሮምኛ እንዲማሩ ወስነህ ግባ። ሦስተኛ ክፍል ያለችው መጀመሪያ ትቸገራለች፤ ትንሹ በስድስት ወር ይበልጥሃል። በአንድ አገር እየኖሩ ቋንቋውን አለማወቅ ልጅን ዕድሜ ልኩን እንግዳ ያደርገዋል። ወንጀሉ የጎረቤት አይሆንም፤ የአንተ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ እድር ግባ፤ የወላጅ ኮሚቴም ግባ። በሁለተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት። የ2010ሩ ዓይነት ክፉ ቀን ሲመጣ ሰውን የሚያድነው አብሮት ቀብር የወጣ ጎረቤት ነው።

በዚህ ላይ የሚያገኘውንም ነገርኩት። ሶር ፏፏቴ ከከተማዋ ሩቅ አይደለም። ያዩ ላይ ያለው ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ነው፤ ቡና በተፈጥሮው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት። የአዲስ አበባ ልጅ ቡናን ከፓኬት ያውቀዋል፤ እነዚህ ከዛፉ ያውቁታል። ወደ ትምህርት ቤት በእግራቸው ይሄዳሉ። አባታቸውም ማታ ቤት ይገባል። ይህ የመጨረሻው በየትኛውም ፈተና ውጤት ላይ አይጻፍም፤ ግን ልጆቹ ያውቁታል።

ለሹማምንቱም አንድ ቃል። ሰው ወደ ዞን ከተሞች እንዲሄድ ከፈለጋችሁ የመኖሪያ ቤት አበልና የመሥሪያ ቤት ሕንፃ አይበቃም። ጥሩ መምህር እዚያው የሚያስቀር ደመወዝና ቤት፣ ሁለቱንም ቋንቋ በቁም ነገር የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ ቤተሰብ ያለ ሥጋት የሚያድርበት ሰላምና መንገድ። ከሁሉ በፊት ግን የእናንተ ልጆች የት ነው የሚማሩት? የከተማው ሕዝብ መልሱን ያውቀዋል፤ ልጁንም የሚያስመዘግበው እሱን አይቶ ነው።

ወዳጄ አልወሰነም። ባለቤቱ «መጀመሪያ እኔ ሄጄ ትምህርት ቤቱን ልየው» ብላለች። ትክክል ናት። የሚቀጥለው ሳምንት ትሄዳለች።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ፣ በያዩ፣ በሁሩሙ ያደጋችሁ ወይም ልጅ የምታሳድጉ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ እሷ ከመነሣቷ በፊት አደርስላታለሁ።

ሰላም ሁኑ።